እስከ ፋሲካ አታውርደው

የአቡዬ አምላክ ስሙ ይክበር ይመስገን። ስለቴ «ከተረፍኩ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» የሚል ነበር። ለቤተ ክርስቲያን የተሳልኩትን ጃንጥላ በጊዜው አስገብቻለሁ፤ ምስክርነቱን ግን ዛሬ ነገ እያልኩ አዘገየሁት። ይቅር ይበለኝና ልናገር።

በሲያትል አካባቢ የምኖር የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። በዚያን ጊዜ ሥራዬ ከኤለንስበርግ ለከብት መኖ የሚሆን ድርቆሽ ጭኜ ሲያትል ወደብ ማድረስ ነበር። ድርቆሹ በመርከብ ተጭኖ ጃፓን ድረስ ይሄዳል። መንገዱ ኢንተርስቴት 90 ነው፤ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በመካከሉ የካስኬድ ተራሮች አሉ፤ እነሱም የሚታለፉት በስኖኳልሚ በር ነው። የጣርማ በርን መንገድ የሚያውቅ ሰው «በር» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ከፍታው 921 ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነግጥም፤ እኔም መጀመሪያ ላይ አልደነገጥኩም። ነገር ግን ከፓስፊክ የሚመጣው እርጥብ አየር ያንን ተራራ ሲወጣ ይቀዘቅዝና የያዘውን ሁሉ እዚያው ያራግፈዋል። በዓመት 10 ሜትር ያህል በረዶ ይወርድበታል። ከተራራው ጀርባ ያለው ኤለንስበርግ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ንፋስ እንጂ ዝናብ ብዙ አያውቅም። ስለዚህ ከፀሐይና ከአቧራ ተነስቶ የሚነዳ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ሄዶ ሌላ ወራት ውስጥ ይገባል።

እኔ ከጥር ይልቅ ሚያዝያን እፈራለሁ። በጥር ሁሉም ተጠንቅቆ ይነዳል። በሚያዝያ ግን ታች ከተማው ውስጥ ዛፉ አብቧል፣ ሰዉ ካፖርቱን ሰቅሏል፣ ማንም ስለ በረዶ አያስብም። ከባሕር የሚመጣው ንፋስ በኦሊምፒክ ተራሮች ዘንድ ለሁለት ይከፈልና ከተራሮቹ ወዲህ እንደገና ይጋጠማል። በተጋጠመበት ቦታ ጠባብ የደመና መቀነት ይዘረጋል። ያ መቀነት ሄዶ ካስኬድ ላይ የተደገፈ እንደሆነ አንዱ ኩርባ ላይ መንገድ የማያሳይ በረዶ እየጣለ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይታያል።

በዋሽንግተን ግዛት ከባድ መኪና ሁሉ ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 1 የጎማ ሰንሰለት፣ ማለትም በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት ጎማው ላይ የሚታሠር ሰንሰለት፣ እንዲይዝ ሕጉ ያስገድዳል። ቀኑ ሲያልፍ ብዙዎቻችን ሰንሰለቱን አውርደን መጋዘን እናስገባዋለን። ከባድ ነው፤ እጅ ያቆስላል፤ ሲያዩትም ያደክማል። በ2014 ዓ.ም. እኔም ላወርደው ስል ባለቤቴ «እስከ ፋሲካ አታውርደው» አለችኝ። ምክንያቷን ስጠይቃት «ጾሙ ሳይፈታ ብርዱ አይፈታም» ከማለት ሌላ አልጨመረችም። እንደ ልማዷ ጸበል ረጨችልኝና ወጣሁ። ሰንሰለቱን የተውኩት አምኜባት ሳይሆን እንዳላስከፋት ብዬ ነበር።

ዕለቱ ሚያዝያ 5፣ ረቡዕ ነበር፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ወርኃዊ በዓል፣ ሆሣዕና ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው። ያ ሳምንት ብርዱ ያልተለመደ ነበር። ሰኞ ዕለት ፖርትላንድ ከተማ ላይ በረዶ ጥሎ፣ መዝገብ መያዝ ከተጀመረ ወዲህ በኤፕሪል ወር ሊለካ የሚችል በረዶ ሲወርድባት የመጀመሪያው ሆኗል። ይህን ሰምቼአለሁ። ኤለንስበርግ ላይ ግን ፀሐይ ነበር፤ ፀሐይዋን አምኜ ጫንኩና ተነሳሁ።

ክሊ ኤለም ድረስ መንገዱ ደረቅ ነበር። ኢስተን ላይ ዝናብ ጀመረ። ኪቸለስ ሐይቅ ዳር ዝናቡ ወፈረ፤ ጠብታው መስታወቱ ላይ ሲያርፍ አልፈስ አለ። የመንገዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ጥንቃቄ አድርጉ ይላል እንጂ ሰንሰለት አሥሩ አላለም። በሩን ተሻግሬ ቁልቁለቱን እንደጀመርኩ ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ቀስ በቀስ አልነበረም፤ መጋረጃ እንደ መግለጥ ነው። አስፋልቱ ላይ ጣት የሚያህል ውኃ ያዘለ በረዶ ተኝቷል። የመኪናው ክብደት ከጭነቱ ጋር 36 ቶን ይጠጋል።

ኩርባውን ስዞር ቀይ መብራቶች አየሁ። ከታች መኪኖች ቆመዋል፤ ከሁሉም ኋላ ያለችው ትንሽ የቤት መኪና ናት። ፍሬን ያዝኩ። የተሳቢው ጎማዎች ተቆለፉና መንሸራተት ጀመሩ። በግራ መስታወት ሳይ የኮንቴይነሩ ጅራት ወደ ጎን እየወጣ፣ ከእኔ ጋር ሊተካከል እየመጣ ነው።

ሾፌር የሆነ ሰው ይህን ያውቃል፦ ተሳቢው ሲወጣ መዳኛው እግርን ከፍሬን ላይ ማንሳት ነው። ጎማው መዞር ካልቻለ መስመሩን አይዝም። ትምህርቱን ተምሬአለሁ፤ ለሌሎችም አስተምሬአለሁ። ግን ከፊት ለፊት ሰው የተሳፈረባት መኪና ቆማ እያየ እግሩን ከፍሬን የሚያነሳ ማን ነው? ሰውነቴ በሙሉ ፍሬኑን እየረገጠ ነበር። አንሳ ብዬ ራሴን አዘዝኩ፤ እግሬ እምቢ አለ።

«አቡዬ፣ ድረስልኝ! በእኔ እጅ ሰው አይለቅ!» ብዬ ጮኽኩ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ስለቱንም በዚያው ትንፋሽ ተሳልኩ።

እግሬ ተነሳ። እኔ አላነሳሁትም። ይህን የምለው ነገሩን ለማሳመር አይደለም፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እግሬ ያለ እኔ ፈቃድ ተንቀሳቅሶ አያውቅም። ሲነሳ ቀላል ነበር፣ ከሥር በእጁ ደግፎ ያነሳው ሰው ያለ ይመስል። ተሳቢው አንዴ ተንገጫገጨ፤ ጅራቱም ቀስ እያለ ወደ ኋላዬ ተመለሰ። መሪውን ወደ ቀኝ ዳር፣ ጎማ ወዳልደቆሰው በረዶ መለስኩት። በረዶው ጎማዬን ያዘው። የቆምኩት ከትንሿ መኪና ጎን ነው፤ በመካከላችን ክንድ የሚያህል ርቀት ነበር። ከኋላ ወንበር ሁለት ሕፃናት ቀና ብለው ያዩኝ ነበር።

መንገዱ ተዘግቶ ብዙ ቆየን። ትራፊክ ፖሊሶች መጥተው ሰንሰለት የሌለው ከባድ መኪና አይንቀሳቀስም አሉ። እጄ እየተንቀጠቀጠ የኔን አሠርኩ። ከኋላዬ የቆመው ሾፌር ጥምጥም ያደረገ የፑንጃብ ሰው ነበር፤ የእሱ ሰንሰለት መጋዘን ገብቷል። ሁለት ትርፍ ነበረኝና ሰጠሁት። ብርድ ላይ ተንበርክከን አብረን ስናሥር እሱም በራሱ ቋንቋ በቀስታ ይጸልይ ነበር። የምንግባባበት ቃል ጥቂት ነው፤ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን ነካበት። የጎደለው ሰንሰለት ከሌላ ሾፌር ተገኘለት መሰለኝ፣ ከእኔ በኋላ ሲወርድ አይቼዋለሁ።

ኖርዝ ቤንድ ስደርስ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። አስፋልቱ ይጨሳል። መኪናዬን አቁሜ ለባለቤቴ ደወልኩላት፤ መናገር ግን አቃተኝ። እሷም አልጠየቀችኝም፤ ትንፋሼን እየሰማች «ተመስገን፣ ተመስገን» ብቻ ትል ነበር።

ሰንሰለቱን ያወረድኩት ፋሲካ ባለፈ በማግስቱ፣ ሰኞ ማታ ነው። ባለቤቴ ባትሪ ይዛ አበራችልኝ።