ሳንቆፍር ያጠናነው የባላባት ግቢ፣ የፈቃዱም ጣጣ

ምሥራቅ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ የምትኖሩ ካላችሁ፣ ከሰፈራችሁ ሳትርቁ አራት ማዕዘን የሆነ አሮጌ የውሃ ቦይ ታገኛላችሁ። የጎንደሩን የፋሲለደስ መዋኛ አስቡት፤ መሀሉ ላይ ቤት፣ ዙሪያውን ውሃ። በመካከለኛው ዘመን እዚህ አገር ባላባቱም ሆነ ደህና ሀብት ያፈራው ገበሬ ግቢውን እንዲህ በውሃ ያስከብብ ነበር። በመላው እንግሊዝ 6,000 ያህል ይታወቃሉ። አብዛኞቹ የተቆፈሩት ከ1250 እስከ 1350 ባሉት ዓመታት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሱፎክና ኤሴክስ ውስጥ በብዛት የሚገኙት አፈሩ ሸክላማ ስለሆነ ውሃ ስለሚይዝ ነው።

እኔም ከአካባቢያችን የታሪክ ማኅበር ጋር ሆኜ አንዱን አጥንቻለሁ። ሥራው ራሱ ደስታ ነበር። ያንገበገበኝ የፈቃዱ ጉዳይ ነው። አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ሙሉ በጋ አይባክንብንም ነበር።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበላችሁ። የ19ኛውን መቶ ዘመን ካርታዎች የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቋቸዋል፤ ቦዩ እዚያ ላይ በሰማያዊ ወይም በመስመር ተስሎ ይታያል። ከ1836ቱ የአስራት ሕግ በኋላ የተሠሩትን የመንደር ካርታዎችም እዩ። ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካው የላይዳር ምስልም በነፃ ይገኛል። ዛፉንና ቁጥቋጦውን አንስቶ የመሬቱን እብጠትና ጉድጓድ ብቻ ያሳያችኋል።

መመሪያዎቹ ሁሉ «መጀመሪያ ወደ መዝገብ ቤት ሂዱ» ይላሉ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ገበሬው ሂዱ እላለሁ። የእኛው ገበሬ ትራክተሩ የት እንደሚሰምጥበት፣ የትኛው ጥግ ድንጋይ እንደሚወጣው ያውቃል። በ2022ቱ ድርቅ ሜዳው በሙሉ ቢጫ ሲሆን አንድ ቀጥ ያለ ሰንበር ግን አረንጓዴ ሆኖ እንደቀረ የነገረን እሱ ነው። ያ ሰንበር ካርታው ላይ የሌለው፣ ድሮ በአፈር የተደፈነው የቦዩ አራተኛ ጎን ነበር። ከታች እርጥበት ስላለው ሣሩ አልደረቀም። ይህን የትኛውም ማኅደር አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ፈቃዱ ልምጣ። ቦታችን በሕግ የተጠበቀ ጥንታዊ ሥፍራ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ በ1979ኙ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር ወንጀል ነው። ይህንን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው የዚያው ሕግ አንቀጽ 42 የብረት መፈለጊያን ብቻ ሳይሆን፣ ሳይቆፈር ከመሬት በታች ያለውን የሚለኩ መሣሪያዎችንም ፈቃድ የሚያስጠይቅ መሆኑን ነው። እኛ ልንጠቀም ያሰብነው ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ መሬት እየላከ አፈሩ ምን ያህል እንደሚቋቋመው የሚለካ መሣሪያ ነበር።

አንድ የአካባቢ ቢሮ ደውዬ ጠየቅሁ። «ካልቆፈራችሁ ምንም አያስፈልጋችሁም» አሉኝ። መሣሪያው ሁለት የብረት እግሮች እንዳሉትና መሬት ውስጥ በትንሹ እንደሚገቡ አስረዳሁ። «አያስፈልግም» አሉ። በኢሜይል እንዲያረጋግጡልኝ ለመንኩ። ነገሩ ግልጽ ስለሆነ ወረቀት አያሻውም ተባልኩ።

ሁሉን አዘጋጀን። መሣሪያው በትውስት መጣ። ሰዎች ከሥራ እረፍት ወሰዱ። ገበሬው በጎቹን ወደ ሌላ መስክ አዛወረ። በዋዜማው ማታ ከዚያው ቢሮ፣ ከሌላ ጠረጴዛ፣ ኢሜይል ደረሰኝ፦ ያለ ፈቃድ ከጀመራችሁ ሕግ ትጥሳላችሁ፤ አቁሙ። በሕጉ ትክክል ነበሩ። ታዲያ ስልክ ላይ ያነጋገሩኝ ሰውስ? ብጠይቅ «እንዲህ ያለ ምክር ከቢሯችን አልወጣም» የሚል መልስ መጣ። አንድም የይቅርታ ቃል የለውም። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ደጅ መጥናት ሆነ። ማመልከቻው በእነሱ በኩል ነው የሚያልፈው ተባለ። ካርታውን፣ የአሠራር ዕቅዱን፣ የባለመሬቱን ስምምነት አያይዤ ላክሁ። አንዴ ፋይሉ እኛ ጋ የለም፣ አንዴ ኃላፊው እረፍት ላይ ናቸው፣ አንዴ ሌላ ቅጽ ይሞላ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዝናቡ ገባ። መሬቱ ውሃ ከጠገበ ደግሞ ቦዩም ሜዳውም እኩል እርጥብ ስለሚሆን መሣሪያው ሊለያቸው አይችልም። ሥራው ለከርሞ ተላለፈ። ያንን ግቢ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት፣ ከሁላችን በላይ ውጤቱን ለማየት የጓጉት አዛውንት አባላችን በዚያ ብርድ ወራት አረፉ። ይህን ለዚያ ቢሮ ይቅር ማለት አቅቶኛል።

በመጨረሻ ሰልችቶኝ ፈቃዱን ወደሚሰጠው ወደ ሂስቶሪክ ኢንግላንድ በቀጥታ ጻፍሁ። ፈቃዱ ያለ ክፍያ ነው፤ ያለ ጭቅጭቅ መጣልን። ስለዚህ «በእኛ በኩል እለፉ» የሚላችሁን መሀል ሰው አትስሙ፤ ወደ ሰጪው ሂዱ። ቦታው የተጠበቀ መሆን አለመሆኑንም ራሳችሁ ከብሔራዊው ዝርዝር ላይ እዩ፤ ኢንተርኔት ላይ አለ። ስልክ ላይ የሰማችሁትን ደግሞ ወዲያው «ዛሬ እንዲህ ብለውኛል፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ» ብላችሁ በኢሜይል መልሱላቸው።

ልኬቱ ራሱ ቀላል ነው። ገመድ ትዘረጋላችሁ። በየሜትሩ መሣሪያውን መሬት ላይ ተጫን፣ ጢጥ ሲል ቁጥሩን ያዝ፣ አንድ እርምጃ ቀጥል። እርጥብ ቦይ ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣል፤ የድንጋይ መሠረት ከፍተኛ። ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሳል ረጅም ቤት መሠረቱን ዘርግቶ ታየን። መግቢያው በምሥራቅ በኩል ነው፤ ሁላችንም ግን የእርሻው መንገድ ያለበትን የደቡቡን በር ስናወራ ነበር የኖርነው። በፍልፈል ጉብታ ላይ አንድ ጎኑ አረንጓዴ የተቀባ የማሰሮ ስባሪ አየን። ፎቶ አንስተን እዚያው ተውነው። ካርታችን ዛሬ በአውራጃው የታሪክ መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። እኮራበታለሁ።

ቦዩ ለጦር መከላከያ ነው የሚላችሁን አትመኑ። አብዛኛው ጥልቀት የለውም። ክብር ነው፣ የዓሣ ኩሬ ነው፣ ሌባና ከብት መከልከያ ነው። ለንደን ያላችሁ ሃሮው ሄዳችሁ ሄድስቶን ማነርን እዩ፤ ቦዩ ዛሬም ውሃ አለው። የቤቱ እንጨት የዛፍ ቀለበቱ ተቆጥሮ 1310 አካባቢ መሠራቱ ታውቋል። በ1344 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጆን ስትራትፎርድ ገዝተው ማረፊያቸው አድርገውታል።

ገበሬያችን ውጤቱን ካየ በኋላ ቦዩን በኤክስካቫተር ላስጠርገው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዳይነካው ለመንኩት። አየር የማያገኘው ጭቃ እንጨትን፣ ቆዳን፣ ዘርን ለዘመናት ሳይበሰብስ ያቆያል። የድሮው ድልድይ ምሰሶ እዚያ ታች ካለ አንድ ቀን ዕድሜው ሊነበብ ይችላል፤ ባልዲው ከገባበት ግን አለቀ። እሱም ተስማማ። በጎቹ ቁጥቋጦውን እየበሉ ያጸዱታል፤ ጭቃው እንዳለ ነው።