ከዋቱ በፊት እንጨቱን ጠይቁ

በሌዘር ማሽን እንጨት ላይ ጽሑፍና ሥዕል እያቃጠልኩ እንደምሠራ የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ማሽንህ ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። የእንጨቱን ነገር የሚያነሳ የለም። በተለይ እንደኛ ጅማ ዝናብ በሚያበዛ ከተማ፣ ጣውላው በደንብ ሳይደርቅ በሚሸጥበት፣ ከዋቱ ይልቅ የሚወስነው እንጨቱ ነው። እርጥብ ጣውላ ላይ ጨረሩ ጉልበቱን ውሃ በማትነን ይጨርሳል። ጽሑፉ ገርጥቶ ይወጣል። ጣውላው ቆይቶ ሲደርቅ ደግሞ ይጣመማል።

እኔ ዋንዛ ነው የምመርጠው። ለሥራ አያስቸግርም፣ ግን ቡናማ ስለሆነ ትንሽ ጠለቅ ካላደረጉት ጽሑፉ አይጎላም። የፈረንጅ ጥድ ሌላ ጣጣ አለው። የእንጨቱ የዕድገት ቀለበት ለስላሳ ክፍል ቶሎ ይበላል፣ ጠንካራው ብዙም አይነካም፣ ስለዚህ የሙሽሮች ፎቶ ከሠራችሁበት ፊታቸው ላይ መስመር በመስመር ይሆናል። ወይራ ጥቃቅን ፊደል ጥርት አድርጎ ይይዛል፣ ችግሩ ጠቆር ያለው ክፍል ላይ ምንም አይታይም።

ብዙ ሰው ስም እንዲጻፍለት የሚፈልገው ግን የጅማ በርጩማ ላይ ነው። ከአንድ ግንድ የተጠረበው፣ መቀመጫው ጎድጎድ ያለው። ሌዘሩ ጥርት አድርጎ የሚጽፈው በአንድ ከፍታ ብቻ ስለሆነ፣ ጠርዙ ላይ ካስተካከላችሁት መሃሉ ላይ ጨረሩ ይሰፋል። ያኔ የ«ቤ» ቀለበት ይደፈንና «ቢ» ይመስላል። «ቤቴ» ብሎ ያዘዘ ሰው «ቢቲ» ይዞ ሊሄድ ነው! አንድ በርጩማ ጠራቢ ሽማግሌ «ልጄ፣ ፊቱን አታቃጥልብኝ፣ ከሥሩ ጻፍበት» ብለውኛል፤ ልክ ናቸው። ከሥሩ ጠፍጣፋ ቦታ አይጠፋም፣ የእጅ ሥራውም ሳይነካ ይቀራል።

ሌላው ቀላል ነው። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉበትና በላዩ ላይ ጻፉ፣ ጭሱ ዙሪያውን አያቆሽሽም። ቫርኒሽ ከጽሑፉ በኋላ እንጂ በፊት አይቀባም። ሰማያዊ ጨረር ላለው ማሽን 450 ናኖሜትር (የጨረሩ የሞገድ ርዝመት ነው) የሚከላከል መነጽር አድርጉ፤ ተራ የፀሐይ መነጽር አይሆንም። ፒቪሲ ፕላስቲክ አምጥቶ «ይሄንንም ጻፍልኝ» የሚል አይጠፋም። እምቢ በሉት፣ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ለሳንባም ለማሽኑም መርዝ ነው።

መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ደግሞ እንጨቱን ንቅንቅ አታድርጉት። ከቦታው ትንሽ ከተነሳ ቀሪውን መስመር ማገጣጠም ፈተና ነው።