የሞተሬ ቤንዚን ታንክ
ዛሬ ጠዋት ሞተሬን ላስነሳ ስወጣ የቤንዚን ሽታ በር ላይ ተቀበለኝ፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ ከታንኩ ሥር፣ ቀለሙ አብጦ በተላጠበት ቦታ፣ የመርፌ ቀዳዳ ከምታህል ዝገት ጠብታ እየተንጠለጠለች ትወድቃለች። ቤንዚን ሳሙናን ስለማያሟሟው ለጊዜው ደረቅ ሳሙና አሽቼ ደፈንኩትና ጋራዥ ደረስኩ። መካኒኩ ነዳጁን ወደ ጀሪካን ገልብጦ ታንኩን ፈታ፤ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጎ ሁለቱን የኢፖክሲ ማጣበቂያዎች እኩል ለውሶ ቀባው። አንድ ወጣት «በብየዳ አይፈጥንም ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ባዶ በሚመስል ታንክ ውስጥ የሚቀረው ትነት ከፈሳሹ ቤንዚን ይልቅ አደገኛ መሆኑንና በደንብ ሳይታጠብ እሳት ቢጠጋው ሊፈነዳ እንደሚችል በእርጋታ አስረዳው። ይህን ጥንቃቄውን ከልቤ አከበርኩለት። ማጣበቂያው እስከ ነገ እንዲደርቅ ታንኩን እዚያው ትቼ በታክሲ ገባሁ።