የቦቴው ሆድ

ሰሞኑን ማታ ማታ ቦቴ እየሠራሁ ነው። የጦር ቦቴ፣ ያውም ከዜሮ ተነስቼ። በካርቶን ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሞዴል አይደለም። ከፕላስቲክ ቁራጭ፣ ከወረቀትና ከሽቦ እየቆረጥኩ የምገጣጥመው ነው።

የመረጥኩት የአሜሪካ ጦር ኤም 969 የሚለውን ተሳቢ ነው። 5,000 ጋሎን ይይዛል፤ 18,900 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። የፊት ጎማ የለውም፤ ግንባሩን የሚያሳርፈው ጎታቹ መኪና ላይ ነው። ልቤን የወሰደው ግን ፓምፑ ነው። የራሱን የናፍታ ሞተርና ፓምፕ ይዞ ይዞራል። ማደያ በሌለበት ሜዳ ቆሞ ለመኪና ነዳጅ ይሞላል።

ልኩ 1፡35 ነው። የጦር መኪና ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ልክ ነው። ርዝመትን ለ35 ማካፈል ቀላል ነው። ይዘት ግን ሌላ ጉድ ነው። ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ቁመቱም ስለሚያንስ ሊትሩ የሚካፈለው ለ42,875 ነው። ያ ሁሉ ነዳጅ 440 ሚሊ ሊትር ሆኖ ቁጭ ይላል። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ እንኳ አይችልም! ይህን ሒሳብ የሠራሁ ማታ ለቤቱ ሰው ሁሉ ስናገር አመሸሁ።

ዕቃው ከዚሁ ከሰፈር ነው። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠሩ ልጆች ቁራጭ ፕላስቲክ ይሰጡኛል። (አደባባዩ ላይ ያለው ሴባስቶፖልም እኮ ቅጂ ነው፤ ዋናው መቅደላ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።) ለቱቦ የኤሌክትሪክ ሽቦ እጠቀማለሁ። ለሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የመዳቡ ውፍረት 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ35 ሲባዛ ስድስት ሳንቲ ሜትር የሚያህል ቱቦ ይወጣዋል። የፕሪንተር ወረቀት ውፍረት ደግሞ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ በ35 ሲባዛ 3.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ። ስለዚህ ለላሜራ ጠርዝ ከወረቀት የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ሙጫ ጠጥቶ ሲደርቅ ይጠነክራል። በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ከተፈተገ ቀለም ይቀበላል።

ከሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ሆዱ ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ ዕድሜያቸውን በቦቴ ነው የጨረሱት። መጀመሪያ በአሰብ መንገድ፣ በኋላ በጅቡቲ። ሥራዬን አንስተው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ውስጡ ባዶ ነው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሙሉ ቦቴ ከባድ ነው፤ ግን ይታዘዝሃል። መከራው የጎደለው ነው። ፍሬን ስትይዝ አንተ ትቆማለህ፣ ነዳጁ አይቆምም። ከኋላ መጥቶ ይገፋሃል።»

ለዚህ ነው ቦቴ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ግድግዳዎች የሚቆሙት። ነዳጁ በቀዳዳዎቹ ቀስ እያለ ያልፋል እንጂ በአንዴ ግር ብሎ ወደ ፊት አይሄድም። ወደ ጎን ግን ያን ያህል አይረዱም፤ ጋሼ ኩርባ ላይ ፍጥነት መቀነስ የግድ ነው የሚሉት ለዚሁ ነው። ከታሪክ መጽሐፍም ከፎቶም እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም። መሪ የያዘ ሰው ብቻ ነው የሚነግርህ።

እኔም ግድግዳዎቹን ሠራሁ። ሞላላ አድርጌ ከፕላስቲኩ ቆረጥኩ፣ በየመሃላቸው ቀዳዳ አወጣሁ፣ ሻሲው ላይ ተራ በተራ አቆምኩ። ማንም አያያቸውም የሚል ሰው ነበር። እኔ ግን አልስማማም። የውጪውን ቆዳ ስጠቀልልበት ቅርጹን የያዙልኝ እነሱ ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ስሱ ፕላስቲክ መሃሉ ላይ ይሰረጉድ ነበር። እውነተኛው ቦቴ ውስጥ ነዳጁን ይይዛሉ፣ የኔ ውስጥ ቅርጹን። ሁለቱም ጋ ሥራ አላቸው።

ቅዳሜ ቆዳውን አለበስኩት። መገጣጠሚያውን በስቱኮ ሞላሁት። ጋሼ መጥተው አዩና አንድ ነገር ለመኑኝ፦ የላይኛውን ክዳን እንዳልለጥፈው። ስለዚህ ክዳኑን በቀጭን ሽቦ ማጠፊያ ሠራሁለት፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በባትሪ ሲታይ የመጀመሪያው ግድግዳ ከነቀዳዳው ወለል ብሎ ይታያል። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ወደ ባሌስትራውና ወደ ማቆሚያ እግሮቹ እገባለሁ።