ባሕር ዳር ምን ዓይነት ፍሳሽ ማጣሪያ ይበጃታል?

ስለ ጣና ወሬ ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምንደርሰው እምቦጭ ላይ ነው። አረሙ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ወዲህ ስንቱ ሰው ከየአገሩ መጥቶ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። አረሙን ስለሚመግበው ነገር ግን እምብዛም አናወራም። ምግቡ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ብዙው ከእርሻ መሬት በጎርፍ ታጥቦ ይመጣል፤ አረሙም የበረታው በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። ቢሆንም የከተማ ፍሳሽም ያንኑ ምግብ ይዞ ነው የሚወርደው፣ ይኼ ደግሞ የኛ የከተሜዎቹ ዕዳ ነው። ጣና ሲያዩት ባሕር ይመስላል እንጂ አማካይ ጥልቀቱ 10 ሜትር አይሞላም።

እዚህ ከተማ አብዛኛው ቤት ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው ያለው። ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል። የዕቃና የልብስ እጣቢው ደጅ ይደፋል፣ ወይም ወደ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ይለቀቃል፣ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ጠራርጎ ወይ ወደ ሐይቁ ወይ ወደ ዓባይ ያወርደዋል።

ይህን ፍሳሽ ለማጣራት የሚያገለግለው ባዮሪአክተር ፍሳሽ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ተመችቷቸው እንዲኖሩ የተሠራ ጋን ነው። አየር የሚነፋበት ዓይነት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1914 ማንቸስተር ላይ ነው። ሁለት ኬሚስቶች ፍሳሹ ውስጥ አየር እየነፉ፣ የዘቀጠውን ሳይደፉ ለሚቀጥለው ፍሳሽ ሲያስቀሩት፣ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ማጣራት በሰዓታት አለቀ። ልክ እንደ እርሾ ማለት ነው። አዲስ ማጣሪያ ሲከፈትም ከሚሠራ ሌላ ማጣሪያ ዝቃጭ ተወስዶ ይጨመርበታል፣ አለዚያ ለመነሣት ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ችግሩ መብራት ነው። የአየር መንፊያው ብዙ ጊዜ የማጣሪያውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ግማሽና ከዚያ በላይ ይበላል። መብራት ጠፍቶ ከዋለ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ባክቴሪያዎቹም ይዳከማሉ። ስለዚህ እኔ ለባሕር ዳር የምመርጠው ያለ አየር የሚሠራውን ነው። ፍሳሹ ከታች ገብቶ በዝቃጩ መሐል ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን ወደ ሚቴን ይቀይሩታል፣ ጋዙ ከላይ ይሰበሰባል። ነፊ የለ፣ ዝቃጩም ከአየር ነፊው በጣም ያንሳል። ከ20 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይወዳል፣ በዚህ በኩል ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ትሻላለች። አዲስ አበባ እንኳ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራውን የቃሊቲውን ጣቢያ የመጀመሪያ ደረጃ በዚሁ ዘዴ ነው የሠራችው፣ ቀሪው ደግሞ ኋላ በሌላ ማጣሪያ ያልፋል።

ግን ልብ በሉ! ያለ አየር የሚሠራው ጋን ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን አያወጣም። ውኃው ጠርቶ የእምቦጩ ምግብ ግን እንዳለ ይወርዳል። ለሌላ ከተማ «ጥሩ ነው» የሚባል ማጣሪያ ለጣና የማይበቃው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃ ያስፈልጋል። መብራት በማይታመንበት ቦታ ውኃውን ደንገል በተተከለበት ሰው ሠራሽ ረግረግ ማሳለፍ ይቻላል። ደንገል አገራችን የሚያውቀው ተክል ነው፣ ታንኳ የሚሠራበት። ካደገ በኋላ ግን መታጨድና ከቦታው መውጣት አለበት። እዚያው ከበሰበሰ የወሰደውን መልሶ ውኃው ውስጥ ይለቃል። ከዚያ የተረፈውን ውኃ ደግሞ ሐይቅ ውስጥ ከመድፋት ለዛፍና ለከብት መኖ ማጠጣት ይሻላል፣ ናይትሮጅኑ እዚያ ማዳበሪያ ይሆናል።

የፋብሪካ ፍሳሽ ሌላ ጣጣ አለው። የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ብዙው አዞ (azo፣ እንስሳው አይደለም) የሚባለው ኬሚካላዊ ቀለም ነው። ያለ አየር ባለው ጋን ውስጥ ቀለሙ ይሰበራል፣ ውኃው ይነጣል፣ ሰው አይቶ «ጸዳ» ይላል። የተሰበረው ቀለም የሚተወው ነገር ግን ራሱ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ እሱን የሚጨርሱት አየር የሚፈልጉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም ደረጃ በተርታ መኖር አለባቸው፣ አንዱን ብቻ ገንብቶ ሪባን መቁረጥ አይሠራም። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም የሚባለው ብረት ደግሞ ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን ይገድላል። ከሌላው ፍሳሽ ሳይቀላቀል እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ተለይቶ፣ በኬሚካል ዘቅጦ መውጣት አለበት። ክሮም ያለበት ዝቃጭ ማሳ ላይ ከተጣለ ምግባችን ላይ ተመልሶ ይመጣል፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሐይቁ ዳር ላሉት ሆቴሎች ሜምብሬን ያለበትን ባዮሪአክተር እመርጣለሁ። ከአየር ነፊው ጋር በጣም ረቂቅ ወንፊት አለው፣ ባክቴሪያ እንኳ እንዳያልፍ አድርጎ ያጠራል፣ ቦታም አይፈጅም። ውድ ነው። ሜምብሬኑ በየጊዜው በኬሚካል ካልታጠበ ይደፈናል። ጀነሬተር ያለውና በደኅና ዋጋ አልጋ የሚያከራይ ሆቴል ግን ይችለዋል፣ የወጣውንም ውኃ አትክልቱን ያጠጣበታል።

ፈቃድ የሚሰጡ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ናሙና ስትወስዱ የኦርጋኒክ ቆሻሻውን መጠን ብቻ ሳይሆን ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱንም ለኩ፣ ናሙናውም ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ በታወቀበት ቀን ብቻ አይወሰድ። ማጣሪያ ሲገነባ የኦፕሬተሩ ደሞዝና የመለዋወጫው በጀት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይያዝ።