የድሮ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አታስነኩ

ወደ መኖሪያነት የተቀየረ ፋብሪካ ውስጥ አፓርታማ የምታድሱ ከሆነ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ሚስማር ያዙና የጡቡን መጋጠሚያ ጫር ጫር አድርጉ። ነጣ ያለ ዱቄት ሆኖ ከረገፈ ግድግዳው በኖራ ነው የተገነባው። ሚስማሩን አላስገባ ካለ አንድ ሰው ቀድሟችሁ በሲሚንቶ ደፍኖት ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በኖራ የተገነባ ግድግዳ ያስገባውን እርጥበት በዋናነት የሚያስወጣው በመጋጠሚያዎቹ ነው። እነሱ በሲሚንቶ ሲደፈኑ ውሃው በጡቡ በኩል ይወጣና የያዘውን ጨው ከጡቡ ፊት ሥር ይተወዋል። ጨው ሲጠጥር ይገፋል፤ የጡቡ ፊት እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ይረግፋል። ግንበኛው «ሲሚንቶ ካልገባበት አይጠነክርም» ማለቱ አይቀርም። ችግሩም ያው ጥንካሬው ነው፤ መጋጠሚያ ከጡቡ የለሰለሰ መሆን አለበት።

በመጋጠሚያው ውስጥ የላላውን ሙሌት በመዶሻና በቀጭን መሮ አውጡ። ጥልቀቱ የመጋጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ይሁን፤ ለ10 ሚሊሜትር ስፋት ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር። ግራይንደር (በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መቁረጫ) ሥራ ያፈጥናል፣ የጡቡን ጠርዝ ግን ይበላል፤ በተለይ ከላይ ወደ ታች ባሉት አጫጭር መጋጠሚያዎች ላይ። አቧራውን ጠርጋችሁ ውሃ እርጩ፤ ግድግዳው ይራስ እንጂ ውሃ አይቋጥር። ደረቅ ጡብ የኖራውን ውሃ በደቂቃዎች ይመጠዋል።

ውህዱ አንድ እጅ በውሃ የሚጠነክር ኖራ፣ ሁለት ተኩል እጅ የታጠበና ደቃቁም ሻካራውም ያለበት አሸዋ ነው። ጓንትና መነጽር አትርሱ፤ ኖራ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ውህዱን እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ። አውራ ጣት ሲጫነው ምልክት መተው ሲያቆም ፊቱን በጠንካራ ብሩሽ ምቱት፤ ቀድማችሁ ከነካችሁት ጡቡ ላይ ይለቀለቃል። ከዚያ በረጠበ ጆንያ ሸፍናችሁ ቢያንስ ለሦስት ቀን እንዳይደርቅ ጠብቁ። ጣት ሲነካው ዱቄት የሚሆን መጋጠሚያ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ የደረቀ ነው፤ አውጥቶ እንደገና ከመሥራት ሌላ መፍትሔ የለውም።

ጡቡን ለማስዋብ ብላችሁ አሸዋ በግፊት አታስረጩ። እሳት ያጠነከረውን የላይኛውን ቆዳ ይገፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ጡቡ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። አሮጌ ቀለምም እርሳስ (መርዛማው ብረት) እንደሌለበት ሳይመረመር በደረቁ አይፋቅ። የቧንቧ መጠቅለያና የጣሪያ ሰሌዳ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የማዕድን ክር) ሊሆን ስለሚችል ናሙናው ላቦራቶሪ ሳይታይ አይሰበር።

የኮንክሪት ወለሉ ማሽን የቆመበት ከሆነ ዘይት ጠጥቶ ይሆናል። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ካልሰረገና እንደ ዶቃ ከቆመ ማጣበቂያ አይዝም፣ ስለዚህ የማይለጠፍ ወለል ምረጡ። እርጥበቱን ለማየት ደግሞ 45 በ45 ሴንቲሜትር ፕላስቲክ ዙሪያውን በቴፕ ለጥፋችሁ ቢያንስ 16 ሰዓት ተዉት። ከፕላስቲኩ ሥር ላብ ከታየ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ወለል ማልበሱ ይቆይ።

የብረት መስኮቶቹን አትጣሉ። ዝገቱን ጠርጋችሁ ቀለም ቀቡና ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስታወት ግጠሙ። የውስጠኛው ዙሪያውን በጎማ ይታሸግ፣ የውጭው ትንሽ አየር ያስገባ። ተገላብጦ ከተሠራ በብርድ ወቅት ከቤት የሚወጣው እርጥብ አየር በሁለቱ መካከል ይታሰራል፣ ብረቱም ከውስጥ ዝገት ይጀምራል።