መብራት የጠፋበት ቀን ደመወዝ

የምሠራበት አስመጪ ድርጅት የሂሳብ ክፍል ሠራተኞቹ ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላም በሳምንት ሁለት ቀን ከቤታቸው እንዲሠሩ ፈቅዶ ነበር። የጽሑፍ ደንብ ግን አላወጣም። የነበረው ቁጥጥር አንድ ብቻ ነው፤ ሠራተኛው ጠዋት 2፡30 ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የተነሣውን ፎቶ ለኃላፊው በቴሌግራም ይልካል። ያልላከ ቀሪ ነው።

አንድ የደመወዝ ሰሞን ጀሞ የምትኖር የሂሳብ ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀቷን ይዛ እኛ ዘንድ፣ ሰው ሀብት ክፍል መጣች። የአንድ ቀን ደመወዝ ተቆርጦባታል፤ ምክንያቱ «ከሥራ ገበታ በመቅረት» ይላል። ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። የዚያን ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለኃላፊዋ «መብራት ከሌሊት ጀምሮ የለም፤ የኮምፒውተሬ ባትሪም አልቋል። ቢሮ ልምጣ?» ብላ ጽፋለች። መልስ የለም። ከሥሩ ከሌሊቱ 5፡40 ላይ የላከችው የባንክ ማስታረቂያ፣ ማለትም የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር የሚያመሳክረው ሰነድ፣ አለ፤ ሙሉ፣ አንድ ሳንቲም ያልጎደለው። መብራቱ ማታ ሲመጣ ልጆቿን አስተኝታ የሠራችው ነው። ኃላፊው በማግስቱ ስብሰባ ላይ ይዞት የቀረበውም ይህንኑ ነበር።

በጣም ተናደድኩ። ኃላፊውን ሳነጋግረው «ቢሮ ያለው ፈርሞ ይገባል፤ እቤቱ ያለውን በምን ልቆጣጠረው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ፎቶ ሰው መቀመጡን እንጂ መሥራቱን አያሳይም።

ለሥራ አመራሩ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይዤ ገባሁ። አንቀጽ 54 ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው ካለ በኋላ፣ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በእርሱ ጉድለት ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እሷ ደግሞ ዝግጁነቷን በጽሑፍ ከማስታወቅ አልፋ ሥራውንም ሠርታለች። አንቀጽ 59 ደመወዝ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር እንዳይቆረጥ ይከለክላል። የእኛ የፎቶ ትእዛዝ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም፤ በቃል የተነገረ ነው። ለሌሊቱ ሥራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ልጠይቅላት አስቤ ነበር፤ ሆኖም ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ የሚሠራ በመሆኑ አልገፋሁበትም።

የተቆረጠው ገንዘብ በሚቀጥለው ወር ተመለሰላት፤ ደንቡም ተጻፈ። ፎቶው ቀረ፤ በምትኩ የሳምንቱ ሥራና የማስረከቢያው ጊዜ አስቀድሞ በጽሑፍ ይያዛል። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ሠራተኛው ወዲያውኑ ያሳውቃል፤ ኃላፊውም ቢሮ ይምጣ ወይስ ሰዓቱን ያሸጋሽግ የሚለውን በአንድ ሰዓት ውስጥ የመመለስ ግዴታ አለበት። ይህ የኃላፊው ግዴታ ከረቂቁ እንዲወጣ የሥራ አመራሩ አባላት ብዙ ተከራክረውኛል፤ እኔ ግን ያለ እርሱ ደንቡ ግማሽ ነው ብዬ ጸናሁ።

የኢንተርኔቱን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው አንቀጽ እስካሁን ክፍት ነው። ድርጅቱ ሊሸፍን ይገባል ባይ ነኝ፤ ለበጀት ስብሰባው የወር ወጪውን በየሠራተኛው እያሰላሁ ነው።